ስትሮክ የመታው ሰው ሰዓቱን የሚያጣው መንገድ ላይ ነው ወይስ ከሆስፒታሉ በር ከገባ በኋላ?

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከመልሶቹ በፊት ያልኩትን ላስቀምጥ። በሰሜን ሸዋ ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) የመታው ሰው ዘግይቶ ታከመ ሲባል ሁላችንም መንገዱን እንወቅሳለን። መንገዱ እውነት ነው። የጣርማ በርን ጉም፣ የጀማን ሸለቆ ጠመዝማዛ፣ በክረምት የመንዝን ጭቃ ማንም አይክድም። እኔ የምለው ግን ልናስመልሰው የምንችለው ሰዓት የሚባክነው ከሆስፒታሉ በር ከገባን በኋላ ነው። መንገድ ለመሥራት በጀትና ዓመታት ይጠይቃል። በሽተኛው ከበር እስከ ሲቲ ስካን (የጭንቅላቱን ውስጥ እስከሚያሳየው የምስል ምርመራ) የሚያልፍበትን ቅደም ተከተል ለመቀየር የሚጠይቀው ውሳኔ ነው።

ይህን እንድል ያደረገኝ የአክስቴ ነገር ነው። ደብረ ሲና ቤቷ ጠዋት ቡና ስትቀዳ ጀበናው ከእጇ አመለጠ፣ አፏ ወደ አንድ ወገን ተሳበ፣ አንደበቷ ተሳሰረ። ልጇ ጊዜ አላጠፋም፤ ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ ዳገቱን ወጣ። መድረስ በሚገባን ሰዓት ደረስን። ከዚያ ግን ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ዊልቸር ላይ ተቀመጠች። የጤና መድን ደብተሯ ቤት ስለቀረ በመድን ትታከም ወይስ እየከፈለች የሚለው ክርክር ሆነ። ደም ግፊቷን የለካችው ነርስ፣ ካርድ ስላልወጣ የምትመዘግብበት አጥታ ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጻፈችው። የሲቲ ስካን ልንከፍል ስንሄድ ገንዘብ ተቀባዩ ምሳ ወጥቷል። ምስሉ ተነስቶ፣ የሚያነበው ሰው ተፈልጎ፣ ውጤቱ ሲመጣ ደም የረጋበት ዓይነት ነው፣ ግን ጊዜው አልፏል ተባልን። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ያን ቀን ያየሁት ሠራተኛ ሁሉ ሲሮጥ ነበር። ሁሉም ግን በየራሱ አቅጣጫ ነበር የሚሮጠው።

ሰዓቱ ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግብ ለማያውቅ፦ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ በያንዳንዱ ደቂቃ ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተሰልቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ የሚባለው መድኃኒት መጀመሪያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመው ጥናት የተረጋገጠው ለ3 ሰዓት ነበር፤ በ2008 የወጣው የአውሮፓ ጥናት ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘመው። ገደቡ ላይ መድረስ ማለት ግን ሙሉ ጥቅሙን ማግኘት ማለት አይደለም፤ ጥቅሙ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጠየቅሁ፦ እናንተ ባያችሁት፣ ሰዓቱ የሄደው የት ነው?

መልሶቹ

መልስ 1። የጻፈው ደብረ ብርሃን ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሐኪም ነው። ስለ አክስቴ አዝኖ፣ በጨዋ ቃል ሁለት ነገር ጨመረልኝ። አንደኛው ቆጠራው የሚጀምረው ቤተሰብ ምልክቱን ካየበት ሰዓት ሳይሆን ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ሰዓት መሆኑን ነው። ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት አፉ ተጣሞ የተነሳ ሰው፣ የተራቀቀ የምስል ምርመራ ከሌለ በቀር፣ ቆጠራው ከመኝታው ይጀምራል። ስለዚህ አስታማሚ ሲመጣ ከመታወቂያውም ከደብተሩም በፊት በጭንቅላቱ ይዞት መምጣት ያለበት ይህን ሰዓት ነው። ሁለተኛው፣ ደም የረጋበትና ደም የፈሰሰበት ስትሮክ ከውጭ ሲታዩ አንድ ስለሆኑ ያለ ሲቲ ስካን ማንም ሐኪም ማሟሟያ ሊሰጥ አይችልም፤ ለፈሰሰበት ቢሰጥ ሊገድለው ይችላል። መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ እንዳይመስለንም አሳሰበ።

መልስ 2። አንድ ወጣት ለአያቱ ቤት ውስጥ አስፕሪን ሰጥቶ እንደነበር ጽፎ ልክ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ተመልሶ ባጭሩ መለሰለት፦ ምስሉ ታይቶ የደም መፍሰስ አለመሆኑ ሳይታወቅ አይሰጥም።

መልስ 3። ከመሀል ሜዳ በኩል የመጣ፣ ቆጣ ያለ ጽሑፍ ነው። ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና አስፋልት ዳር ተቀምጦ ስለ ካርድ ክፍል ማውራት ቅንጦት እንደሆነ ይናገራል። በእነሱ ቀበሌ የታመመን ሰው የቅሬው ሰዎች በወሳንሳ ተሸክመው መኪና የሚገባበት ድረስ ያደርሱታል፤ አምቡላንስ ሲጠየቅ ወላድ ሊያመጣ ሄዷል ይባላል፣ ወይም ነዳጅ የለውም። ወላድ አይቅደም እንደማይል ግን ደጋግሞ ጻፈ። እውነቱን ነው። የወረዳ አምቡላንሶች ሲታደሉ በዋናነት ለእናቶች ታስበው ነው፤ ስትሮክን ያሰበለት አልነበረም። የእሱን መልስ ካነበብኩ በኋላም ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ያን ሁሉ በትከሻ ተሸክሞ ያመጡት ሰው ካርድ ክፍል ፊት መቀመጡ ይባስ ያስቆጣኛል እንጂ።

መልስ 4። በዚህ የውይይት ክር ላይ ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። የአምቡላንስ ሹፌር ነው፤ ነጥብ ሳያስቀምጥ በአንድ ትንፋሽ ነው የጻፈው። ሲደወልለት የሚነገረው ሰው ወድቋል የሚል ብቻ መሆኑን፣ ሰውየውን አንስቶ ሲነዳ ሆስፒታሉ በሽተኛ እየመጣ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ እንደሌለ፣ እሱም የሚደውልለት ሰው እንደሌለው ዘረዘረ። በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀዋል። ስትሬቸር ፍለጋ ራሱ ይወርዳል። አንዳንዴ የመጀመሪያውን ሐኪም ለማግኘት በሽተኛውን መኪናው ውስጥ ትቶ በየኮሪደሩ ይዞራል። ከጣርማ በር እስከ ደብረ ብርሃን በሚነዳበት ጊዜ ሁሉ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ሊደውል ይችላል፤ የጎደለው ቁጥሩ ነው።

መልስ 5። የአንኮበር ልጅ ነው፣ ውጭ አገር የሚሠራ የነርቭ ሐኪም። ከሹፌሩ መልስ ተነስቶ የፊንላንዷን የሄልሲንኪን ነገር አመጣ። እዚያ አንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1998 በሽተኛ ከበር ገብቶ የማሟሟያው መርፌ እስኪሰጠው በአማካይ 105 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፤ በ2011 ወደ 20 ደቂቃ አወረደው። ያወረደውም በአዲስ መድኃኒት አይደለም። የአምቡላንሱ ሠራተኛ ከመንገድ ላይ ሆኖ በቀጥታ ለስትሮክ ሐኪሙ ይደውላል። በሽተኛው ገና ሳይደርስ ስሙና ታሪኩ ይወጣል፣ ምርመራው አስቀድሞ ይታዘዛል። ሲቲ ስካኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተዛወረ። በሽተኛው አልጋ ላይ ሳይወርድ በመጣበት የአምቡላንስ ስትሬቸር በቀጥታ ወደ ማሽኑ ይገፋል፤ መድኃኒቱም እዚያው ማሽኑ ላይ እያለ ይጀመርለታል። የላቦራቶሪ ውጤት ሁሉ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ለአብዛኛው ሰው ከመርፌው በፊት የግድ የሚያስፈልገው የስኳር መጠን ነው። በኋላ የአውስትራሊያዋ ሜልበርን ይህንኑ ቀድታ በጥቂት ወራት ውስጥ በሥራ ሰዓት ለሚመጡት ወደ 25 ደቂቃ አወረደችው። ጸሐፊው ያሰመረበት፣ አብዛኛው ለውጥ የሰዎች ስምምነት መሆኑን ነው፤ ማን ለማን ይደውላል፣ ምን ከምን ይቀድማል የሚለው።

መልስ 6። እዚህ ላይ ነው ውይይቱ የሻከረው። አንድ ሰው መብራት በሚጠፋበት፣ ሲቲ ስካን ተበላሽቶ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በሚጠበቅበት አገር ፊንላንድን መጥቀስ ሕዝብ ላይ መሳለቅ ነው ብሎ ጻፈ። ውጭ ተቀምጦ ምክር መስጠት ቀላል ነው የሚል መራራ ቃልም ጨመረ። የአንኮበሩ ሐኪም አልተቆጣም፤ ስልክ መደወል ጄኔሬተር አይጠይቅም ብቻ ብሎ አለፈ። እኔ ለመልስ 6 ጸሐፊ ቁጣውን እረዳለሁ፤ የተበላሸ ማሽን በር ላይ በሽተኛ ይዞ የቆመ ሰው ይመስለኛል። ነገር ግን ማሽኑ በሚሠራበት ቀን እንኳ ለምን እንደምንዘገይ አልመለሰልኝም።

መልስ 7። ፋርማሲስት ናት፣ ነገሩን ወደ ቁም ነገሩ መለሰችው። አልቴፕሌዝ ለስትሮክ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የሚሰጠው በክብደት ተሰልቶ ነው፦ በኪሎ 0.9 ሚሊግራም፣ አሥረኛው እጅ በቶሎ፣ የቀረው በ1 ሰዓት ውስጥ ቀስ ተብሎ። ደም ግፊቱ ከ185 በ110 በላይ ከሆነ መጀመሪያ መውረድ አለበት። ቴኔክቴፕሌዝ የሚባለው ዘመዱ ደግሞ በአንድ ጊዜ መርፌ ያልቃል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2025 ለስትሮክ ፈቅዶታል። በሪፈር ለሚንቀሳቀስ በሽተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አምቡላንስ ውስጥ ፓምፕ የሚጠብቅ ሰው አያስፈልግም። ከሁሉም ልቤን የነካው ግን ስለ መጋዘን የጻፈችው ነው። ውድ መድኃኒት ተገዝቶ በሰዓቱ የሚደርስ በሽተኛ ካልተገኘ ጊዜው ያልፍበታል፣ ኦዲት ይመጣል፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት አይታዘዝም። መድኃኒቱ እንደሌለ ሲታወቅ ደግሞ ድንገተኛ ክፍሉ ለስትሮክ የሚጣደፍበት ምክንያት ያጣል። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ቆሙ።

መልስ 8 እና 9። ወሬው ወደ ጠበል ዞረ። መልስ 8 ጥፋቱ የሆስፒታል ሳይሆን የሕዝቡ ነው፤ አፉ የተጣመመ ሰው መጀመሪያ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ይወሰዳል፣ ልክፍት ነው፣ ጥላ ነው፣ ምች ነው እየተባለ ቀን ያልፋል የሚል ነው። መልስ 9ን የጻፉት በዕድሜ የገፉ ካህን ናቸው። ልጄ ብለው ጀምረው ገሠጹት። በጠበሉ ስፍራ የሚያገለግሉት አባቶች መድኃኒት ተው እንደማይሉ፣ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ መናገራቸውን አስታወሱ። ከዚያ ለጤና ባለሙያዎቹ ጥያቄ አቀረቡ፦ ምልክቱን በአማርኛ አሳጥራችሁ ስጡን፣ ከቅዳሴ በኋላ እንናገረዋለን። የመልስ 1 ሐኪም እዚያው ጻፈላቸው፤ ፊት መጣመም፣ ክንድ መውደቅ፣ ንግግር መያያዝ፣ አንዱ እንኳ ከታየ ሰዓቱን ይዞ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። አባታችን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መልስ 10 ላይ የተጻፈው ስድብ ስለነበር ተነስቷል።

መልስ 11። አንዲት እህት ናት፣ የውስጥ ደዌ ዋርድ ነርስ። መጀመሪያ አላየሁትም ነበር፤ ሳየው ደጋግሜ አነበብኩት። እሷ የምትለው፣ ማሟሟያው ላልደረሰላቸው፣ ማለትም እኛ አገር ለአብዛኞቹ፣ ሕክምናው አልቆ እንዳልሆነ ነው። ዋርድ ውስጥ በየቀኑ የምታየውን ጻፈች። አስታማሚ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች፣ በሽተኛው ደክሞታል፣ ሆዱ ባዶ ነው ብላ በማንኪያ ትሰጠዋለች። ሰውየው ግማሽ ጉሮሮው አይታዘዝም፤ አጥሚቱ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ሳል ይጀምራል፣ አንዳንዱ ሳልም የለው። ትኩሳት ይመጣል፣ ኦክስጅን ይጠየቃል፣ ቤተሰቡ ስትሮኩ ባሰበት ይላል። እሷ አሁን አዲስ በሽተኛ ሲገባ አልጋው ራስጌ ላይ በፕላስተር ወረቀት ትለጥፋለች፤ ሳልፈትነው ምንም በአፉ እንዳይሰጥ የሚል። መጀመሪያ ቀና አድርጋ አስቀምጣ በማንኪያ ውኃ ትሞክራለች፤ ካሳለ ወይም ድምፁ ጉሮሮው ውኃ እንደያዘ ሰው ከሆነ ታቆማለች። እናቶች ክፉኛ ይቀየሟታል፣ የተራበ ሰው ከለከለች ይሏታል። ስትጽፈው እንኳ ድካሙ ይታያል።

ለዚህም ማስረጃ አመጣች። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ19 የስትሮክ ክፍሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አለ። ነርሶቹ ሦስት ነገር ብቻ በሥርዓት እንዲከታተሉ ተደረገ፦ ትኩሳት፣ ስኳር፣ መዋጥ፣ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት። ከ90 ቀን በኋላ የሞቱት ወይም በሰው እጅ የቀሩት በተለመደው አሠራር ከመቶ 58፣ ሥርዓቱን በተከተሉት 42 ሆኑ። ቴርሞሜትር፣ ስኳር መለኪያና ማንኪያ የሌለው ሆስፒታል በዞናችን ያለ አይመስለኝም። ስለ ሆስፒታል አሠራር ስናገር ማለት የፈለግሁት ይህን ነበር፤ እሷ ከእኔ አሳምራ ተናገረችው።

መልስ 12። የመልስ 1 ሐኪም ተመልሶ እሷን ደገፈ፤ ስለ ደም መፍሰስም ጨመረ። ደም ግፊቱ ሳይታከም የቆየ ሰው በበዛበት አካባቢ ደም የሚፈሰው ዓይነት ብዙ ስለሆነ፣ ምስሉ ደም ሲያሳይ ምንም አይደረግለትም ብሎ ጥግ ማስተኛት ትልቅ በደል መሆኑን ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ በ10 አገሮች ከ7,000 በላይ በሽተኞችን ያካተተ ጥናት፣ አብዛኞቹ አገሮች ሀብታም ያልሆኑበት፣ የላይኛውን ግፊት በ1 ሰዓት ውስጥ ከ140 በታች ማውረድን ከስኳርና ከትኩሳት ቁጥጥር፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱትም እሱን ከማርከስ ጋር በአንድ ላይ ሲሠሩት ውጤቱ መሻሻሉን አሳይቷል። እዚህም ሰዓት አለ ማለት ነው።

መልስ 13። ስለ ጨው፣ ስለ አረቄና ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ረጅም ወሬ ነው። ከውስጡ የሚጠቅመው አንድ አስተያየት ነበር፦ የደም ግፊት መድኃኒት ሲሻለኝ ተውኩት የሚለው ሰው ብዛት።

መልስ 14። ይህ በቀጥታ ለእኔ ነው፣ ስለታምም ነው። የጤና ባለሙያ ነው። ሌሊት አንድ ተረኛ ሐኪም ለድንገተኛውም ለዋርዱም ሲሮጥ የማያየው ሰው ስለ ቅደም ተከተል እንዳያስተምረኝ ብሎ ጻፈ፤ ስትሬቸር የሚገፋ ሰው አንድ ብቻ በሆነበት፣ እኛ ባላወጣነው የወረቀት ሥርዓት ነርስን መውቀስ ጽድቅ አይደለም ብሎ ደመደመ። ነርስ አልወቀስኩም። መዳፏ ላይ የጻፈችው ነርስ በዚያ ቀን ለአክስቴ ሥራውን ቀድማ የጀመረች ብቸኛ ሰው ነበረች፤ እሷን የከለከላት ሥርዓቱ ነው። ይህንን መለስኩለት፤ እሱም በሚቀጥለው ቀን ለስለስ ብሎ ተመለሰ።

መልስ 15። ካርድ ክፍል ይሠራ የነበረ ሰው ጻፈ፤ የእሱን ወገን ማንም አልጠየቀም ነበር። ያለ ካርድ የተሠራ ምርመራ ገቢው ሳይመዘገብ ከቀረ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ አስረዳ፤ ስለዚህ እሱ ለበሽተኛው ልቡ ቢራራም እጁ አይራራም። ያቀረበው መፍትሔ ግልጽ ነው። ቁጥር ቀድሞ የታተመባቸው የድንገተኛ ካርዶች በሽተኛን መጀመሪያ ተቀብላ የምትለየው የትሪያጅ ነርስ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ ስትሮክ የተጠረጠረ ሰው ሲመጣ ስሙ ባይታወቅ እንኳ በቁጥሩ ሲቲ ስካን ይነሳ፣ ክፍያውና የመድን ደብተሩ በኋላ ይሟላ። ለዚህ ግን የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ያለ ደብዳቤ በራሱ ደግነት የሚሠራ ሠራተኛ በመጀመሪያው ኦዲት ይቀጣል። የሆስፒታል አመራር ላይ ያላችሁ ሰዎች ይህንን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቡት ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ።

መልስ 16። ወደ ሹፌሩ ጽሑፍ ተመልሶ 907 አለ አይደል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ ነው፤ ሹፌሩ የሚፈልገው ደግሞ ከአምቡላንሱ ወደ ተረኛው ሐኪም የሚወስድ ስልክ ነው። ለእያንዳንዱ ሆስፒታል አንድ የተረኛ ሞባይል፣ ከሰው ወደ ሰው ከፈረቃው ጋር የሚተላለፍ፣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙዎች ተስማሙ።

መልስ 17። የመርሃቤቴ ሰው ጥሩ ጥያቄ አነሳ፦ ከዓለም ከተማ የተነሳ በሽተኛ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይግባ ወይስ በቀጥታ ሲቲ ስካን ወዳለበት ይለፍ? ጀማን ተሻግሮ በለሚና በሙከ ጡሪ ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው መንገድ እያለ፣ ሪፈሩ የዞንን ድንበር ይከተል ወይስ መንገዱን? የአንኮበሩ ሐኪም በስፔን ካታሎኒያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት መጀመሪያ ቅርቡ ሆስፒታል መግባትና በቀጥታ ወደ ትልቁ ማለፍ የውጤት ልዩነት እንዳላሳየ ጠቀሰ። ወዲያው ግን እዚያ ቅርቡ ሆስፒታል ራሱ ሲቲ ስካንና ማሟሟያ እንዳለው አስጠነቀቀ። እኛ ጋ ምስል ወደሌለበት ገብቶ ሪፈር እስኪጻፍ መጠበቅ ያው የጠፋ ሰዓት ነው፤ ከመነሳት በፊት ደውሎ ማሽኑ ዛሬ ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መልስ 18 እና 19። አሁን ያለነው እዚህ ላይ ነው። ራዲዮሎጂ ክፍል የሚሠራ ሰው ሌሊት የተነሳ ምስል በቴሌግራም ለስፔሻሊስት እየተላከ እንደሚነበብ፣ ጠዋት ከመጠበቅ እንደሚሻል ጻፈ። መልስ 19 ተቃወመው፤ የፈሰሰ ደም በስልክ ስክሪን ሊታይ ይችላል፣ ገና የጀመረ የደም መርጋት ምልክት ግን በቀላሉ ያመልጣል፣ የበሽተኛው ስም ያለበት ምስልም በቡድን ውስጥ መዞር የለበትም አለ። እኔ ሁለቱም የያዙት ነገር ያለ ይመስለኛል፦ ስሙ ተሸፍኖ፣ ለአንድ ተረኛ ስፔሻሊስት ብቻ፣ መጀመሪያ ደም አለ ወይስ የለም የሚለውን ለመለየት ይላክ፣ ሙሉ ንባቡ በትልቁ ስክሪን ይከተል። የዞናችን ሆስፒታሎች ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ራዲዮሎጂ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ምስሉ ከተነሳ እስኪነበብ እናንተ ጋ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና ማን እንደሚያነበው ጻፉልን።